ስድስት ቁና ድምፅ

ትልቅ ነገር ስንወድ ለጉድ ነው። እንግዳ ሲመጣ ትልቁ ትሪ ይወጣል እንጂ ትሪው ላይ የቀረበው ምን ያህል ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለልጅ ልብስ ስናሰፋ «ያድግበታል» ብለን እጅጌውን ከጣቱ በታች እናወርድለታለን፤ ልጁ እጅጌው ላይ ሳይደርስ ልብሱ ነትቦ ያልቃል። ስብሰባ ስንጠራ ከአዳራሹ ሁሉ ትልቁን እንይዛለን፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ተናጋሪው ቁም ነገር መናገሩን የሚያውቀው ከፊት ያሉት ሲያጨበጭቡ ነው። እሱም ያጨበጭባል። ምን ቸገረው? ጠባብ ነገር የድሃ፣ ሰፊ ነገር የሀብታም ተደርጎ በሚታይበት አገር «ልክ» የሚባለው ነገር መሀል ላይ ጠያቂ አጥቶ ይኖራል።

እኔ ስለ ልክ ለማስተማር የተሾምኩ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ጥዬ የወጣሁ ነኝ። የሒሳብ መምህራችን ሰሌዳ ላይ ሣጥን ሥለው «የዚህን ሣጥን ይዘት ፈልጉ» ሲሉን «ማን ጠፋበት?» ብዬ ጠየቅኩና የዚያን ቀን በበሩ ወጥቼ ቀረሁ። ሣጥኑ ግን አልቀረልኝም። መንገድ ላይ ጠብቆ ያዘኝ።

ካቻምና ጥር ላይ ነው፣ እዚሁ አሰላ። በዚያ ሰሞን የቀበሌያችን ጸሐፊ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ጓድ ሽመልስ፣ አሁን ሥራህ ምንድን ነው?» ማለት አብዝቶ ነበር። ሰላምታ ይመስላል፤ አይደለም። የሥራ ፈት ወጣት ስም የሚጻፍበት ወረቀት እንዳለ፣ ስሙ የተጻፈውም ታፍሶ ወዴት እንደሚሄድ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ስለዚህ እንለፈው። እኔ ያኔ መናኸሪያ ስዞር የምውል፣ ተሳፋሪ የምጠራ፣ ዕቃ ጣሪያ ላይ የምጭን፣ አልናገር ያለ ራዲዮ በጥፊ የማናግር፣ ሁሉን የምሠራ ነገር ግን ምንም ሥራ የሌለኝ ሰው ነበርኩ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ባለመኪና «ይሄ ረዳቴ ነው» ይበልልኝና ይጻፍልኝ።

ጋሽ ደምሴ አሮጌ ላንድሮቨር አላቸው። በአዘቦት ቀን ወደ ጎበሳ ሰው ታመላልሳለች፤ በጥርና በሚያዝያ ደግሞ ሙሽራ። በዚያ ዓመት ግን አንድ ሌላ ባለመኪና ቴፕ ከነስፒከሩ አስገጠመና የከተማውን ሰርግ ሁሉ ጠራርጎ ወሰደባቸው። ኢተያ ያሉ የሙሽራ ቤተሰቦችማ ቁርጡን ነገሯቸው፦ «ሙዚቃ ካላት እሁድ እንፈልግዎታለን፤ ከሌላት በሰላም ይኑሩ።» ጋሽ ደምሴ ይህን ሰምተው አልተኙም። አዲስ አበባ ወርደው አንድ ቴፕና አንድ ሰፌድ የሚያህል ስፒከር ይዘው ተመለሱ።

ስፒከሩ ግን ራቁቱን ነው። ራቁቱን የሚጮህ ስፒከር ደግሞ፣ ምን ሰፌድ ቢያክል፣ ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ዝንብ ነው። ከበሮው ይመታል፤ የሚሰማው ግን የከበሮው ጠፍር ብቻ ነው። ሣጥን ያስፈልገዋል። የሸጠላቸውም ሰው ይህንኑ ነግሯቸው የሣጥኑን ልክ በሊትር አስረድቷቸው ነበር። ጋሽ ደምሴ ሊትር የሚያውቁት ለነዳጅ ነው። «በእኛ መስፈሪያ ንገረኝ!» ብለው ቢይዙት ሰውየው ትንሽ አሰበና «ስድስት ቁና እህል የሚይዝ ይሁን፤ አይብለጥ፣ አይነስ» አላቸው። ቁና አይታችሁ ለማታውቁ የከተማ ልጆች፣ ከስንደዶ የተሰፋ፣ እህል የሚሰፈርበት ዕቃ ነው። እህል ብቻ የሚሰፈርበት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ድምፅም ይሰፈርበታል።

«ሽሜ» አሉኝ ጋሽ ደምሴ፣ «አንተ ነገር አዋቂ ነህ ይሉሃል። እስከ እሁድ ይሄን ነገር አናግርልኝ። ካናገርከው ረዳቴ ነህ። ካላናገርከው ደግሞ…» ብለው ንግግሩን ሳይጨርሱ የመኪናቸውን በር ዘጉት። በሩ በአንዴ የሚዘጋ ስላልሆነ ሦስት ጊዜ ዘጉት።

ሄድኩ ወደ አናጢው ወደ ጋሼ ኤልያስ። ጋሼ ኤልያስ ጴንጤ ናቸው። ዘፈን የሚባል ነገር ከደጃቸው አያልፍም፤ የሥራቸው ጥራት ግን ዘፋኙም ቄሱም የሚመሰክርለት ነው።

«ጋሼ፣ ሣጥን ላሠራ ነበር» ስላቸው መዶሻቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ቁመቱ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ኧረ የሞተ የለም! ለስፒከር ነው።»

«ለዘፈን?»

«ለ… ለሰርግ።»

እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው አሰቡ። «ሰርግስ ቅዱስ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ሣጥኑን እሠራለሁ፤ ውስጡ ስለሚገባው አልጠየቅም። የሬሳውንም ስሠራ ሟቹ እንዴት ኖረ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።»

የእሳቸው ነገር በሜትር ነው፣ የኛ በቁና። ስለዚህ ቁና መዋስ ነበረብኝ፤ ቁና ደግሞ ያለው ጎረቤታችን እህል ነጋዴዋ እትዬ ዘነበች ዘንድ ነው። ጥር ገበሬው አውድማውን ጨርሶ እህሉን በአህያ የሚያወርድበት ወር ነውና እትዬ ዘነበች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሲቀበሉና ሲሰፍሩ ይውላሉ። «ቁና ያውሱኝ» ስላቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ ከእጃቸው አጠገብ ያለውን ብድግ አድርገው ሰጡኝ። «እንዳትቀድብኝ» ብቻ አሉኝ።

አሁን እዚህ ጋ ጆሯችሁን ስጡኝ። አናጢው ቤት ሰጋቱራ ሞልቷል። አንድ አሮጌ የሳሙና ሣጥን አቀረብንና ሰጋቱራውን በቁናው እየሰፈርኩ ወደ ሣጥኑ መገልበጥ ጀመርኩ፤ የሞላበትን ቦታ ጋሼ ኤልያስ ምልክት አድርገው በሜትር ይለኩታል፣ ጣውላውን በዚያ ይቆርጣሉ። ዘዴው ግሩም ነው። እጄ ግን የአሰላ እጅ ነው። ቁናውን ሞልቼ ዝም አልልም፤ አናቱን እንደ ጭላሎ ተራራ እከምረዋለሁ። ስድስት ጊዜ ከመርኩ። ስድስት ከሆነ በኋላም አንድ ቅር ያለኝ ነገር ነበር፤ እኛ አገር ሰፍሮ ምርቃት የማይጨምር ሰው ስስታም ይባላል። ሰባተኛውን ለምርቃት ጨመርኩ። ለማን እንደመረቅኩ አትጠይቁኝ።

«አልበዛም ወይ ልጄ?» አሉ ጋሼ ኤልያስ ምልክቱን እያዩ።

«ትልቅ ይሻላል ጋሼ፤ ድምፁ እንደ ልቡ እንዲንፈላሰስ።»

ተንፈላሰሰ። ቅዳሜ ጠዋት ከላንድሮቨሯ የኋላ ወንበር አንዱን ነቅለን ሣጥኑን አስቀመጥነው። ሣጥን ማለት ሣጥን ነው፤ በኮላ የተጣበቀ፣ የተላገ፣ ከጀርባው በአራት ብሎን የሚከፈት መዝጊያ ያለው፣ የድሃ ቤት ቁም ሣጥን ሊሆን የሚችል። መናኸሪያው ሰብሰብ አለ። ጋሽ ደምሴ ካሴቱን አስገቡ። ቴፑን ነካሁት።

ምን ልበላችሁ። ከበሮው ሲመታ «ድም» የሚለው ድምፅ «ዱዉዉዉም» እያለ ሣጥኑ ውስጥ ይንከራተታል፤ የመጀመሪያው ምት መውጫውን ፈልጎ ሳያገኝ ሁለተኛው ይደርስበታል፤ ዘፋኙም ከሁለቱ መሀል ገብቶ ገደል የገባ በሬ ይመስል ያጓራል። የላንድሮቨሯ መስኮቶች ሁሉ በብርድ እንደተመታ ጥርስ ይንቀጫቀጫሉ።

«ሽሜ!» አለኝ አንዱ የመናኸሪያ ጓደኛዬ፣ «ሙሽራ ነው ወይስ ሬሳ የምታጅቡት?»

«ኩን ማል ጄዳ?» አለ አህያውን ይዞ የቆመ አንድ ገበሬ፤ ይሄ ምን ይላል ማለቱ ነው። ምን እንደሚል የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ድምፁን ከፍ ባደርገው ይሻለው ይሆን ብዬ ከፍ አደረግኩት። አህያው ደነበረ። ጋሽ ደምሴ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሽሜ፣ ነገ እሁድ ነው» አሉኝ ብቻ። እኔም እሁድን አይደለም ያየሁት፤ ሰኞን ነው። ሰኞ ጠዋት የቀበሌው ጸሐፊ ከፊቴ ቆሞ «ጓድ ሽመልስ…» ሲል ታየኝ።

በዚህ መሀል እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከች አሉ። «አንተ! ቁናዬን ወስደህ በዚያው ቀለጥክ?» አሉና ጆሯቸውን ያዙ። «ደግሞ ይሄ ምንድን ነው የሚያጓራው?»

«ስፒከር ነው እትዬ።»

«ጎተራ ነው እንጂ! ባዶ ጎተራ በዱላ ሲመቱት ልክ እንዲህ ነው የሚለው። እህል ሲገባበት ነው ጨዋ የሚሆነው። ስንት ነው የሚይዘው?»

«ስድስት ቁና ተብሎ ነበር፤ እንደታዘዝኩት በርስዎ ቁና ሰፍሬ…»

«በዚህኛው?» አሉና ልመልስላቸው መኪናዋ ውስጥ ያኖርኩትን ቁና አንሥተው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ነጠላቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ሞኝ! ይሄ እኮ የምገዛበት ነው!» ካሉ በኋላ አህያውን የያዘው ገበሬ አጠገባቸው መቆሙን አይተው ሳቁን ዋጥ አደረጉት። «ማለቴ… ትንሽ ጠለቅ ይላል ለማለት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው ለካ። እህል ነጋዴ የሚገዛበት ቁና አለው፣ የሚሸጥበት ቁና አለው፤ ሁለቱ ወንድማማች ናቸው፣ አንዱ ግን ጠገብ ብሎ ያደገ ነው። ይህን አሰላ ውስጥ የማያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ነገር አዋቂው እኔ ነኝ። በሚገዛበት ቁና፣ ያውም በክምር፣ ያውም ከነምርቃቱ ሰፍሬ የሠራሁት ሣጥን ስድስት ቁና ሳይሆን ሙሉ የነጋዴ ትርፍ ነበር።

ሣጥኑን አፍርሶ ማሳጠር አይቻልም። ሰዓቱ ሄዷል፤ ጋሼ ኤልያስም መጽሐፋቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደሚሄዱበት ሄደዋል፣ የት እንደሚሄዱ ደግሞ አይጠየቅም። ያለው መፍትሔ እትዬ ዘነበች ያሉት ነው፤ ትርፉን ባዶ ቦታ መሙላት። በድንጋይ ሞከርኩት፤ ድንጋዩ ከከበሮው ጋር አብሮ ይጨፍራል። በጨርቅ ሞከርኩት፤ ዘፋኙ አፉን የታፈነ መሰለ። እትዬ ዘነበች ቆመው ቆመው ሰለቻቸውና «ስንዴ ነው የሚሻለው፤ ከረጢት ውስጥ ጥብቅ አድርገህ ስፋው፤ አይንቀሳቀስም» አሉ። «ከኔው ውሰድ። ነገ እኔም ሰርጉ ላይ ተጠርቻለሁ፤ ይዛችሁኝ ትሄዳላችሁ፣ ከሰርግ መልስ ስንዴዬን ትመልሱልኛላችሁ።»

ስንዴውን በከረጢት ሰፍቼ ከሣጥኑ ውስጥ ጥግ ላይ አስተኛሁት። ቴፑን ነካሁት። «ድም! ድም!» እናንተዬ፣ ያ ገደል የገባው በሬ ወጣ! ትንሽ አንገቱን የታነቀ ይመስላል፣ ምቱ ሳይዘረጋ ይቋረጣል፣ ግን ሙዚቃ ነው። ጋሽ ደምሴ ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙና «ይሁን» አሉ። «ይሁን» ማለት «ረዳቴ ነህ» ማለት አይደለም። ነገን እንይ ማለት ነው።

እሁድ ጠዋት ላንድሮቨሯን በአበባና በሪባን አስጊጠን ወደ ኢተያ ተነሣን። ጋሽ ደምሴ መሪ ላይ፣ እኔ ጎናቸው፣ እትዬ ዘነበች ከኋላ ከሣጥኑ አጠገብ። ሙዚቃው እየመታ፣ ግራና ቀኝ የታጨደው ማሳ ወርቅ መስሎ ሲያልፍ፣ እኔ በልቤ የረዳት ወግ ጀምሬ፣ ክንዴን በመስኮት አውጥቼ ነበር። ዞር ብዬ እትዬ ዘነበችን ባያቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ምን ነካቸው ብዬ ወደ ፊት ብመለከት ኬላው።

ያኔ ነው የገባኝ። እህል ያለ ወረቀት ኬላ አያልፍም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን ከትናንት ጀምሮ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ስንዴ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ለኔ እሱ የከበሮው ልክ ነበር።

የኬላው ሰው ቀጭን፣ የማይቸኩል፣ እህል የሚወጋበት ረጅም ብረት የያዘ ነው። ሪባኑን አየ፣ አበባውን አየ፣ እትዬ ዘነበችን አየ። እሳቸውን ሲያይ ትንሽ ቆየ፤ ይተዋወቃሉ መሰለኝ።

«ሣጥኑ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ድምፅ ነው» አልኩ።

«ክፈተው።»

ወርጄ በኋላው በር በኩል አራቱን ብሎኖች ፈታሁ። ሰውየው ከረጢቱን በብረቱ ወጋ አደረገና ብረቱ ላይ ተጣብቆ የወጣውን ፍሬ ወደ ፀሐይ ይዞ አየው። «ድምፅ» አለ። «ለወፍጮ የደረሰ ድምፅ።»

ጋሽ ደምሴ ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፉ። መኪናዋ ብትያዝ ሰርጉ ቀረ፤ ሰርጉ ከቀረ ረዳትነቴ ቀረ፤ ረዳትነቴ ከቀረ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ምላሴ የቻለውን ያህል አስረዳሁ፤ ስለ ራቁት ስፒከር፣ ስለ ስድስት ቁና፣ ስለ ባዶ ጎተራ። ስለ ሁለቱ ቁና ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ እትዬ ዘነበች ከኋላ ጎኔን በጣታቸው ይዘውኛል።

«ስንዴና ሙዚቃን ምን አገናኛቸው?» አለ ሰውየው።

«ይስሙና ይፍረዱ!» አልኩት። ከረጢቱን አወጣሁ፣ መዝጊያውን መለስኩ፣ ቴፑን ነካሁት፤ በሬው ገደል ገባ። ሰውየው ፊቱን አጨማደደ። ከረጢቱን መለስኩ፤ በሬው ወጣ። «እስቲ ድገመው» አለ። ደገምኩት። ጓደኞቹም ከኬላው ዳስ ወጥተው መጡ። ከኋላችን የቆመው አውቶቡስ ተሳፋሪዎችም ወርደው ዙሪያውን ከበቡ፤ አንዳንዱ ያለ ስንዴ ይሻላል፣ አንዳንዱ ከነስንዴው ይሻላል እያለ ተከራከረ። እንደዚያ ያለ ሁሉም ሰው የልቡን የተናገረበት ስብሰባ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

«እውነቱን ነው» አለ የኬላው ሰው በመጨረሻ። «ሙዚቃው ይፈልገዋል። ግን ስንዴው ስንዴ ነው። ለቀለብ የምናሳልፈው ለአንድ ሰው አንድ ቁና ነው። ሦስት ናችሁ፣ ሦስት ቁና። ሌላው እዚህ ይቀራል።»

መስፈሪያ ይዞ መጣ። የኬላው ቁና ስንደዶ አይደለም፤ ከቆርቆሮ የተበየደ፣ አፉ ቀጥ ያለ ነው። ሞልቶ አፉን በብረቱ ጠረገው። ክምር የለ፣ ምርቃት የለ። እትዬ ዘነበች ያንን ቆርቆሮ ጣውንቷን እንደምታይ ሴት ነበር የሚያዩት። ሦስቱን ወደ ከረጢቱ መለሰ፤ አንድ ተኩል ያህል ተረፈና ኬላው ጆንያ ውስጥ ገባ።

የቀለለውን ከረጢት ሰፍቼ አስገባሁ፣ ብሎኖቹን አጠበቅኩ፣ «በቃ አበቃልን» እያልኩ ቴፑን ነካሁት።

ወገኖቼ! ከበሮው ደረቴን አንድ ጊዜ መታ አድርጎ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ ተመለሰ። ለሚቀጥለው ቦታ ለቀቀ። መታነቁም የለ፣ ማጓራቱም የለ፤ ለድምፁ የተረፈው ቦታ ልክ ስድስት ቁና ሆኖ ነበር። ዘፋኙ እዚያው መንገድ ዳር ጉሮሮውን ጠርጎ የቆመ መሰለ። ጋሽ ደምሴ ግንባራቸውን ከመሪው ላይ አነሡ። የኬላው ሰው ብረቱን ተደግፎ ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰም። ኬላ ላይ ከላዩ ተቀንሶ የተሻሻለ ዕቃ እስከ ዛሬ የማውቀው የኛን ሣጥን ብቻ ነው።

ዘፈኑ ሲያልቅ ግን ሰውየው ወደ ሥራው ተመለሰ። ከስሩ ካርቦን ያለበት የወረቀት ጥራዝ አወጣ። «ለዛሬ በማስጠንቀቂያ ትሄዳላችሁ። የተያዘበት ሰው ስም?»

ጋሽ ደምሴ ወደኔ አዩ። እትዬ ዘነበችም ወደኔ አዩ። ባለመኪናው መኪና አለው፣ ባለስንዴዋ ንግድ አላት፤ የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው እኔ ነኝ። «ሽመልስ» አልኩ።

«ሥራ?»

ከዚያች ጥያቄ ስንት ወር ተሸሽጌ ኖሬ እህል ይዤ መንገድ ላይ አገኘችኝ። «የለኝም» ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ደምሴ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«ረዳቴ ነው!» አሉ፣ እንደ መቆጣት ብለው። «ሌላ ምን ይመስልሃል?»

ሰውየው ጻፈ። ማኅተሙን እፍ አለበትና ወረቀቱ ላይ ደፋው፤ የላይኛውን ገንጥሎ ሰጠኝ።

ሰኞ ጠዋት ጸሐፊው ሳይጠይቀኝ እኔው ራሴ ቀበሌ ሄድኩ። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። «ያለ ፈቃድ እህል ሲያዘዋውር የተያዘ…» ብሎ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረና ወደ ታች ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ፤ «ሥራ፣ የመኪና ረዳት።» ቀና ብሎ አየኝ። «ጓድ ሽመልስ፣ ከዚህ የተሻለ የሥራ ማስረጃ የለህም?»

«ማኅተም ያለበት ይሄ ብቻ ነው፣ ጓድ።»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዞ ማኅተሙን አየው፤ ክብ ነው፣ ደማቅ ነው፣ እውነተኛ ነው። ተነፈሰና ስሜን ከአንደኛው መዝገብ ሰርዞ በሌላኛው ጻፈው። ሰው የሥራ ደብዳቤውን በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። የኔ ከሸሚዜ ኪስ ታጥፎ ነው ያለው፤ ለእንግዳ የሚነበብ አይደለም።